በሩ በራሱ አይከፈትም

ጥር 18

በሩን ተከልነው። ብየዳው የሥራ ባልደረባዬ የሙጃሂድ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ እንደ ሙሽራ አባት እጁን ወደኋላ አጣምሮ ሲንጎራደድ ዋለ። ይህን ደብተር የጀመርኩትም በእሱ ጭቅጭቅ ነው። «የሠራሽውን በየቀኑ ጻፊ፤ አለዚያ ነገ አንድ ነገር ሲበላሽ እኔን ትወቅሻለሽ» አለኝ። ይኸው እጽፋለሁ። ሲበላሽ ግን ያው እሱን ነው የምወቅሰው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመርሳ ወጣ ብሎ ካለው የመስኖ ቦይ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ሽንኩርት ማሳዎች ይወርዳል። ገበሬዎቹ ውሃ የሚያገኙት በተራ ሲሆን ተራውን የሚሰጡት የውሃ አባቱ ጋሽ ኑርሁሴን ናቸው። እስካሁን ተራ በደረሰ ቁጥር ዳገቱን ወጥተው በሩን በእጃቸው ይከፍቱና ይዘጉ ነበር። ጉልበታቸው ግን እምቢ ብሏል። ከዛሬ ጀምሮ በሩን ሞተር ይከፍተዋል። ሞተሩን አንዲት ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ታዘዋለች፤ ቦርዷን ደግሞ እኔ ሲ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት ፕሮግራም ያዛታል። እኔን ማን እንደሚያዘኝ ሲጠየቅ ሙጃሂድ «እሷንማ ማን ይደፍራል» ይላል።

ቦርዷ ላይ ሲም ካርድ አለ። ጋሽ ኑርሁሴን ከስልካቸው 1 ብለው ሲልኩ ትከፍታለች፣ 0 ሲሉ ትዘጋለች። ተራውን አስቀድመው ካስያዟትም ሰዓቱ ሲደርስ ራሷ ትከፍታለች። ከእሳቸው ስልክ በቀር የማንንም ትእዛዝ አትቀበልም። በዚህ በጣም ኮርቻለሁ።

ጠዋት ከወልድያ ከመነሳታችን በፊት ትንሽ ችግር ነበር። ለቦርዷ ፕሮግራሙን ሳዘጋጅ የጻፍኩትን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ኮምፓይለር ቀን የምታነብልኝን ፈንክሽን «አላውቃትም» ብሎ ጮኸ። ከሁሉ ቀድሞ በሚነበበው ሄደር ፋይሌ ራስ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ _XOPEN_SOURCE ትላለች። ፊቸር ማክሮ ነው የሚባለው፤ «እኔ የምሠራው በዚህ ደንብ ነው» ብሎ አስቀድሞ እንደማሳወቅ ነው። ጩኸቱ ወዲያው ቆመ። ሚኒባሱ ሊሄድ ስለነበር ደስ ብሎኝ ላፕቶፔን ዘጋሁ።

በሩ በመልእክት ሲከፈት ጋሽ ኑርሁሴን «ያ ረቢ!» አሉና ስልካቸውን አገላብጠው አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው። ጉልበቴን መለስሽልኝ።» ዓይኔ እንባ አቀረረ። አቧራ ነው አልኳቸው።

የገበሬዎቹ የውሃ ማህበር ሊቀመንበር አቶ ንጉሴ የበሩን ስልክ ቁጥር ጮክ ብለው አነበቡና «ሁላችሁም መዝግቡ፤ የጋራ ንብረታችን ነው» አሉ። ለማንም እንደማይጠቅም ነገርኳቸው። ሁሉም መዘገበ።


ጥር 22

ይሠራል። ጋሽ ኑርሁሴን ዛሬ ከጁምዓ በፊት መስጊዱ ግቢ ቁጭ እንዳሉ ውሃ ሰጡ። ሙጃሂድ «ሰውዬውን ሥራ ፈት አደረግናቸው፤ ሚስታቸው ሳትከሰን አትቀርም» ይላል።

አቶ ንጉሴ ደውለው ነበር። የውርጌሳ ማህበር ወሬውን ሰምቶ በየካቲት መጨረሻ ሰው ልኮ ሊያይ ነው። ከወደደው ለእነሱም እንሠራለን።

ቦርዷ የሆነውን ሁሉ እየመዘገበች እንድታስቀምጥ ማድረግ አለብኝ። ነገ አደርገዋለሁ።


ጥር 29

አቶ ንጉሴ ደወሉ። የማንም ተራ ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ በሩ ተከፍቶ ውሃው ኡበይደላ ማሳ ገባ። ኡበይደላ የጋሽ ኑርሁሴን የእህት ልጅ ነው። ማሳው ከበሩ ሥር የመጀመሪያው ስለሆነ ውሃ ሲወርድ ቀድሞ የሚያገኘው እሱን ነው። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። ሰው ከፍቶ የደነገጠ ይመስል።

«ማሽኑ ይሳሳታል ወይ?» አሉኝ።

«አይሳሳትም» አልኳቸው። ጥያቄውን እንኳ አላስጨረስኳቸውም መሰለኝ።


የካቲት 2

ፕሮግራሙን ላፕቶፔ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ ፈተንኩት። የውሸት ሰዓት ሰጠሁት፣ የውሸት መልእክት ላክሁለት፣ ከእንቅልፉ የሚያባንነውን ሲግናል ወረወርኩበት። ሳይታዘዝ አንዴም አልከፈተም። ንጹሕ ነው። ምንም አልነካሁም፤ ካልነካሁት ደግሞ አይበላሽም።

ሙጃሂድ «ቦርዷ ላይስ?» አለ። ያው ኮድ ነው አልኩት። ያው ከሆነ ለምን ቦርድ ገዛን አለኝ። ይህ ልጅ ሎጂክ የሚባል ነገር አልተማረም።


የካቲት 4

ከመርሳ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ። ከፊቴ ሁለት ሴቶች።

«ሽማግሌው ድሮ ዳገት መውጣቱ ይከብዳቸው ስለነበር ነው ያላዳሉት።»

«አሁንማ ቁልፍ መጫን ነው፤ ለእህት ልጅ ምን ይከብዳል?»

ዞር ብዬ ልናገር ፈለግኩ። ምን ብዬ? «ማሽኑ ነው» እንዳልል ማሽኑ አይደለም። «እሳቸው ናቸው» እንዳልል አልመሰለኝም። ወልድያ እስክንገባ በመስኮት ሳይ መጣሁ።


የካቲት 6

እንደገና ተከፈተ፤ እንደገና ኡበይደላ ማሳ። አቶ ንጉሴ በስልክ ድምፃቸው ከሮ ነበር። «ቁርጡን ንገሪኝ። አንቺ ነሽ የተማርሽው።»

ቁርጡን ነገርኳቸው። «በሩ በራሱ አይከፈትም። ከስልካቸው ካልታዘዘ አይከፈትም።»

«ይህን ለሰው ልናገረው እችላለሁ?»

«ይችላሉ።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ሻዬ ቀዝቅዞ አገኘሁት። እውነቱን ነው የተናገርኩት። አንድ ሰው ስለ ሥራው እውነቱን መናገር አለበት።

ጋሽ ኑርሁሴን የላኩት መልእክት ስልካቸው ላይ ይገኝ እንደሆን ጠይቄ ነበር። ሙጃሂድ ራሱ ነው «እንዳይሞላብዎ» እያለ ማጥፋት ያስለመዳቸው። ቦርዷም መዝገብ አትይዝም። ነገ አደርገዋለሁ ያልኩት ነገር ነው። ነገ።


የካቲት 9

ዐቢይ ጾም ገባ። በሩ ዝም ብሏል። እኔም።


የካቲት 13

መርሳ ሄድኩ። ሮመዳን ከገባ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። ጋሽ ኑርሁሴን ከጁምዓ ወጥተው በሩ ዘንድ ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። ከንፈራቸው ደርቋል። ሰላምታችንን ስንጨርስ ስልካቸውን አውጥተው ሰጡኝ።

«ልጄ፣ እስቲ እይው። እኔ ከፍቼው ረስቼው ይሆን?»

አየሁት። ምንም የለም፤ ሁሉ ጠፍቷል። ሳዝንላቸው አንድ ሐሳብ መጣልኝ። «ጋሽ፣ አንዳንዴ ስልክ ኪስ ውስጥ ሳለ በራሱ ይነካል። የሁሉም ሰው ነገር ነው» አልኳቸው።

«ኪስ ውስጥ?» ብለው ኪሳቸውን ዳሰሱ።

«ወይም ደግሞ ከፍተው ረስተውት ይሆናል። ምን አለበት? እኔስ ስንት ነገር እረሳ የለ!»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ስልኩን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ውስጥ ሳይሆን በእጃቸው ያዙት። እንዲህ ሳያስቀይም የሚያስታርቅ መልስ በማግኘቴ ደስ አለኝ። ሌባም አልተባሉም፣ ፕሮግራሙም አልተሰደበም። ለሙጃሂድ ስነግረው ቀና ሳይል ብሎን ማጥበቁን ቀጠለ። የጾሙ ድካም መሰለኝ።


የካቲት 18

አቶ ንጉሴ፦ «እሑድ የካቲት 29 ስብሰባ ነው። ሌላ የውሃ አባት እንመርጣለን። ሰው እምነት አጥቷል። የውርጌሳ ሰዎችም በዚያው ቀን ይመጣሉና አንቺም ነይ።»

እኒያ ሰው ስንት ዘመን ውሃ ሲሰጡ ኖረዋል። ሁለት ወንድማማቾች በቦይ ሲጣሉ መሐል ገብተው ያስታረቁ፣ የኢድ ቀን ተራቸውን ለክርስቲያን ሰጥተው የሚካኤል ዕለት የሚወስዱ ሰው ናቸው። አሁን በስብሰባ ሊነሡ ነው። እኔ ምን ላድርግ? ስልካቸውን እኔ አልይዝላቸው።


የካቲት 21

ከሙጃሂድ ጋር ተጣላን። ወልድያ ወርክሾፓችን ውስጥ፣ በመዶሻ ድምፅ መሐል።

«ኡበይደላ ወላሂ አላስከፈትኩም ይላል። ጋሽ ኑርሁሴን አላስታውስም ይላሉ። በሩ ዘንድ የነበሩ ሰዎች ማንም አልመጣም ይላሉ። ሰው ሁሉ ሲዋሽ የአንቺ ኮድ ብቻ ነው እውነት የሚናገረው?»

«ብየዳህ ቢሆንስ?»

«ብየዳ በሩን ከፍቶ ይዘጋል? ብየዳ ይሰነጠቃል እንጂ!»

ለካስ ሎጂክ ተምሯል። ቀኑን ሙሉ አላናገርኩትም። ማታ ከማፍጠሩ በፊት በመስኮት «ፍሬ፣ አብሽሪ እንጂ፤ ይገኛል» ብሎኝ ሄደ። ፍሬሕይወት ብሎ ሙሉውን ስሜን ቢጠራኝ ይሻለኝ ነበር።

የሄደር ፋይሌን ደግሜ አነበብኩት። ከላይ እስከ ታች ንጹሕ ነው። የመጀመሪያዋን መስመር ዘልዬ ነው የማነበው፤ እሷማ የምታስቸግር አይደለችም።


የካቲት 24

ዛሬ የሳቅኩትን ያህል ከገና ወዲህ አልሳቅኩም።

እትዬ አስካለ ሽንኩርት ይዘው ወልድያ ገበያ መጥተው ነበር። የማህበሩ አባል ናቸው፤ ማሳቸው ከኡበይደላ ቀጥሎ ነው። ሸጠው ሲጨርሱ እግራቸውን ሊያሳርፉ ወርክሾፑ ገቡ። ሙጃሂድ ወንበር ሰጣቸው። ስለ በሩ ሲያወሩ እንዲህ አሉ፦

«እኔስ እንደ ሰው ለምጄዋለሁ። ተራዬ ሲቃረብ ሚስኮል አደርግለታለሁ።»

«ለማን?» አልኩ።

«ለበሩ ነዋ! እየጠበቅኩ መሆኔን እንዲያውቅ። ድሮ ለኑርሁሴን እንዲያ አልነበር የማደርገው? ሚስኮል ሳደርግላቸው አስካለ ደርሳለች፣ ማሳዋ ላይ ናት ማለት ነው። አሁን እሳቸውን ለምን አስቸግራለሁ ብዬ ለበሩ አደርጋለሁ። ካልሰማኝ እደግመዋለሁ።»

ወንበር ይዤ ሳቅኩ። በሩ ማን ደወለ ብሎ ስም እያየ የሚኮራ መሰለኝ። እትዬ አስካለም አብረውኝ ሳቁ። ሙጃሂድ አልሳቀም።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ለሙጃሂድ ቀልዱን ላስረዳው ብዬ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን መጠባበቂያ ቦርዳችንን አበራኋት። ከመርሳዋ ጋር አንድ ዓይነት ናት፤ ሞተርም አላት። «ይኸው፣ እትዬ አስካለ እንዲህ ያደርጋሉ» ብዬ ስልኬን አንስቼ ሚስኮል አደረግኩላት።

ሞተሩ ዞረ።

ሙጃሂድ ቀስ ብሎ «ድገሚያት» አለ። ደገምኳት። ሞተሩ ወደኋላ ዞሮ ዘጋ።


የካቲት 25

አገኘሁት። ለራሴ በደንብ ልጻፈው፤ ነገ ሌላ ሰው ላይ ላላክከው እችላለሁና።

የፕሮግራሙ ዋና ሥራ መተኛት ነው። read የምትባል ሲስተም ኮል አለች፤ ፕሮግራሙ በእሷ በኩል የቦርዷን ዋና አዛዥ ከርነሉን «ሰዓቱ ሲደርስ ቀስቅሰኝ» ብሎ ይተኛል። ስልክ ሲጠራ ጥሪውን የሚቀበለው ሞደም ሲግናል ይልካል። ያኔ ፕሮግራሙ ብንን ብሎ «ስልክ ጠርቷል» ብሎ ያስታውስና ተመልሶ መተኛት አለበት። ላፕቶፔ ላይ የሚያደርገው እንዲያ ነው።

ቦርዷ ላይ ግን ተመልሶ አይተኛም። read «ተቋረጥኩ» ብላ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ይዛ ትመለሳለች። አልተሳካልኝም ማለቷ ነው። እኔ ደግሞ ምን ይዛ እንደመጣች በደንብ አላየሁም፤ ዜሮ ካልሆነ ሰዓቱ ደርሷል ብዬ ነው የጻፍኩት። እናም በሩ ይከፈታል። ሁለተኛ ሚስኮል ሲመጣ ፕሮግራሙ ጭራሽ ይሞታል። ሲሞት መልሶ የሚያስነሳው ስላለ ይነሣል፤ ሲነሣ ደግሞ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ በሩን መዝጋት ነው። ከፍቶ የደነገጠው ሰው ይኸው ነው።

ለምን ቦርዷ ላይ ብቻ? ሲግናል ሲመጣ ምን እንደሚደረግ የምነግርባት ፈንክሽን ሁለት ጠባይ አላት። በአዲሱ ጠባይዋ የተቋረጠውን ሲስተም ኮል ራሷ መልሳ ታስጀምራለች። በድሮው አታስጀምርም፤ አንዴ ከሠራችም ሁለተኛ አትሠራም። የትኛዋን እንደምናገኝ የሚወስነው በሄደር ፋይሉ ራስ ላይ የጻፍነው ፊቸር ማክሮ ነው። ምንም ካልጻፍን አዲሷን እናገኛለን። _XOPEN_SOURCE ብቻ ብለን ከጻፍን ግን የድሮዋን። ላፕቶፔ ላይ ሌላ ማክሮ ድሮ ጨምሬ ስለነበር ችግሩ አይታይም። ቦርዷ ላይ እሱን አልጨመርኩም።

ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ ብዬ የጨመርኳት መስመር ናት። አንዲት ቀን የምታነብ ፈንክሽን ፈልጌ ያልጠየቅሁትን ሁሉ ለወጥኩ፤ ኮምፓይለሩም ዝም አለኝ። ዝም ያለው ስለተስማማ ነበር የመሰለኝ።

«ምንም አልነካሁም» ስል ስንት ሰው ሰማኝ። ሙጃሂድ «ብየዳዬን ይቅርታ ጠይቂው» አለኝ። ሄጄ ብየዳውን ጠየቅኩት። እሱን ራሱን ግን አልጠየቅኩትም።


የካቲት 26

አስተካከልኩት። የጎደለውን ማክሮ ከሁሉም ሄደር በላይ አስቀመጥኩ። ጠባይዋ በማክሮ የሚለዋወጠውን ፈንክሽን ጣልኩና የምፈልገውን በግልጽ የምነግራትን ተካሁባት። read ተቋረጥኩ ስትል ተመለሽ እላታለሁ። ቦርዷም መዝገብ ትይዛለች። «ነገ» የሚለውን ቃል ለጊዜው ተሰናብቼዋለሁ።

አሁን ሌላ ሐሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ይዞራል። ቅዳሜ ሄጄ አዲሱን ፕሮግራም ዝም ብዬ ብጭንስ? በሩ ከእንግዲህ በማይሆን ሰዓት አይከፈትም። ወሬውም ቀስ በቀስ ይበርዳል። የውርጌሳ ሰዎች ጥሩ በር አይተው ይሄዳሉ፤ ሥራውም ይገኛል። ጋሽ ኑርሁሴንም ቢሆኑ ጉልበታቸው ደክሟል፤ ማረፍ ነበረባቸው።

ይህን ሙጃሂድ ፊት ጮክ ብዬ ተናገርኩት። አልተቆጣም። «እሳቸው ያረፉ እንደሆነ በምን ስም ያርፋሉ?» ብቻ አለኝ።

የወርክሾፑን ኪራይ፣ የውርጌሳን ሥራ፣ ሁሉን አሰብኩት። በቃ ነው የምናገረው። ስለ ጀግንነት አይደለም፤ ካልተናገርኩ ሙጃሂድ ዕድሜዬን ሙሉ ያሾፍብኛል።


የካቲት 28

መንገድ ዝግ ነው ተባለ። ደግሞ ተከፈተ ተባለ። ሙጃሂድ ሁለቱንም ፕሮግራም በፍላሽ ያዝ። አሮጌውንም። የሞተር ፊውዝ አትርሺ። እትዬ አስካለ መምጣታቸውን አረጋግጪ። ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። «ክቡራን» ማለት አያስፈልግም።


የካቲት 29

ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ስብሰባው እዚያው በሩ ዘንድ ተጀመረ። የውርጌሳ ሰዎች በባጃጅ መጥተው ከፊት ቁጭ አሉ። ጋሽ ኑርሁሴንን በዓይኔ ፈለግኩ፤ አልመጡም። ኡበይደላ በመሐረብ የተጠቀለለ ስልክ ይዞ ቆመና ለአቶ ንጉሴ ሰጣቸው። «አጎቴ ሌላ ሰው ይያዘው ብለዋል። እኔ ራሴን አላምነውም ብለዋል» አለ።

አቶ ንጉሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሳይጀምሩ እጄን አወጣሁ።

ተዘጋጅቼበት የነበረው ንግግር ከአፌ ጠፋ። «በሩ በራሱ ይከፈታል» አልኩ። «በራሱ አይከፈትም ያልኩት ስህተት ነው። ስህተቱ የጋሽ ኑርሁሴን አይደለም፤ የኔ ነው።» አቶ ንጉሴ «እንዴት ሆኖ?» አሉ።

ሙጃሂድ አሮጌውን ፕሮግራም እንደነበረ ትቶት ነበር። እትዬ አስካለን «እስቲ ሚስኮል ያድርጉለት» አልኳቸው። ነጠላቸውን አስተካክለው ስልካቸውን አወጡና ቁጥሩን ነኩት። በሩ ተነሣ። ውሃው ሁሉም ፊት ነጭ አረፋ ደፍቆ ወጣና ወደ ኡበይደላ ማሳ ወረደ።

«ወይኔ አምላኬ!» አሉ እትዬ አስካለ። «ሌባዋ እኔ ነኝ እንዴ?»

መጀመሪያ የሳቀው ኡበይደላ ነው። «እትዬ አስካለ፣ ሽንኩርቴ አመሰግናለሁ ይላል!» ከዚያ ሁሉም ተንጫጫ። እትዬ አስካለ ስልካቸውን እያዩ «ያን ሁሉ ውሃ በሚስኮል? ሒሳብ እንኳ አልቆረጠብኝም እኮ!» ሲሉ የውርጌሳ ሰዎች ሳይቀሩ ሆዳቸውን ያዙ። ሙጃሂድ አዲሱን ጫነ። እትዬ አስካለ ደወሉ፤ በሩ አልተንቀሳቀሰም። ሌላውም ሞከረ፣ ሁሉም ሞከረ። በሩ በታሪኩ እንዲህ ተደውሎለት አያውቅም።

አቶ ንጉሴ ግን አልሳቁም። «እኔ ይህን ሁሉ ሰው ፊት ስናገር የነበረው አንቺን አምኜ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ሌላ የውሃ አባት መምረጥ ቀረ፤ ስልኩ ለጋሽ ኑርሁሴን ይመለስ ተባለ። የውርጌሳ ሰዎች «እንመካከራለን» ብለው በመጡበት ባጃጅ ሄዱ። እንመካከራለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ ወልድያ ውስጥ ያደገ ሰው ያውቃል።

ስልኩን ይዤ ጋሽ ኑርሁሴን ቤት ሄድኩ። ኡበይደላ እየመራ እስከ አጥሩ አደረሰኝና ተመለሰ። በረንዳው ላይ ቁጭ ብለዋል። ባለቤታቸው እማማ ቶይባ በርጩማ አቀረቡልኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስለ ሚስኮሉ፣ ስለ መስመሯ፣ ስለ እኔ «አይሳሳትም»። ከኪስ የተነካ ስልክ ያልኳቸውም ውሸት ባይሆን እንኳ ከአፌ የወጣ ግምት እንደነበር ነገርኳቸው። ይቅርታ ጠየቅኩ።

«ሚስኮል!» አሉና ሳቁ። ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። «ይቺ አስካለ! ድሮ ለኔም እንዲያ እያደረገች ቤት አታስቀምጠኝም ነበር። አብሽሪ ልጄ፤ ማን ያልተሳሳተ አለ። አልሐምዱሊላህ።»

እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቀለለኝ። በደንብ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ሰዓት ደረሰ። ታጥበው ውዱእ አድርገው መስገጃቸውን በረንዳው ላይ ዘረጉ። እማማ ቶይባ ሌላ በርጩማ አንሥተው ከኋላቸው ቁጭ አሉና እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘረጉ። ምን እንደሚያደርጉ ሳላውቅ አየኋቸው። ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሩኝ። «የስግደታቸውን ዙር፣ ረከዓውን፣ እቆጥርላቸዋለሁ። ያን ሰሞን አንቺ ረስተውት ይሆናል ካልሻቸው ወዲህ ሶላታቸውንም መጠራጠር ጀመሩ። ሦስት ይሁን አራት አላውቅም እያሉ እንደገና ይሰግዱ ነበር። እኔ ልቀመጥ አልኳቸው።»

ጋሽ ኑርሁሴን ሰምተው ዞሩ። ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ቶይባ፣ ከዛሬ ወዲያ ይቅር። ሰማሽ አይደል፣ ማሽኑ ነው። ግቢ፣ ሥራሽን ሥሪ» አሉ። እማማ ቶይባ ተነሥተው ገቡ።

ሰገዱ። እኔ ባለሁበት ቁጭ ብዬ አየሁ። ጉልበታቸው ሲታጠፍ ያማቸዋል፤ በእጃቸው ተደግፈው ነው የሚነሡት። ጨርሰው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሰላም አሉ። ከዚያ አልተነሡም። ወደ ቤቱ በር አዩ፤ ባለቤታቸውን ግን አልተጣሩም። ትንሽ ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አራት ነበር አይደል፣ ልጄ?»

«አራት ነው፣ ጋሽ» አልኳቸው። ቆጥሬ ነበር። ከውስጥም እማማ ቶይባ «አራት ነው» አሉ። እሳቸውም ለካ ቆመው ሲያዩ ነበር።

ሁለታችንንም ሰሙን። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቢሆንም ግንባራቸውን እንደገና መስገጃው ላይ ደፉ፣ ቀና አሉ፣ ደግመው ደፉ።

ወደ እማማ ቶይባ ጠጋ ብዬ ያ ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«የመርሳት ሱጁድ ነው» አሉኝ። «ሰው ራሱን ሲጠራጠር ነው የሚያደርገው።»